ከደጄ እስከ ደጁ

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ሠላሳ ዓመት ልብስ ልሰፋ ሰው ስለካ ኖሬ ዛሬ እኔ ተለካሁ። ሐኪሟ ክንዴን በግፊት መለኪያ ጠፈረችው፣ ጣቴን ወጋችው፣ ሚዛን ላይ አቆመችኝ። ከዚያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለችና "ስኳርዎ ድንበር ላይ ቆሟል፤ አንድ እርምጃ ነው የቀረው" አለች። ድንበሩ የት ነው ብዬ ጠየቅኋት። "ቀበቶዎ ያለበት" አለችኝ። ፈገግ እንኳ አላለችም።

መድኃኒት የምታዝልኝ መስሎኝ ነበር። "ይሩጡ" አለች። እኔ! አውቶቡስ ሲያመልጠኝ ቆሜ በክብር የምሸኝ ሰው!

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ባለቤቴ ናት። አዋላጅ ስለሆነች ያልተመዘገበ ነገር ያልተፈጠረ ይመስላታል። "በየቀኑ ስንት እንደሮጥክ ጻፍ" አለችኝ። እሺ።

ዛሬ የሮጥኩት፦ ምንም።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

ሮጥኩ! ከደጄ እስከ ዳቦ ቤቱ። ዳቦ ቤቱ ከመስኮት ሲያዩት ቅርብ ነው፤ እየሮጡ ሲሄዱበት ግን ወደ ኋላ ይሸሻል። ስደርስ ልቤ በጆሮዬ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ዳቦ ጋጋሪው ወንበር አውጥቶ "ምን ሆነው ነው? ማን ሞተ?" አለኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ እጇን ወገቤ ላይ አድርጋ "በአፍንጫህ ሳብ፣ በአፍህ አውጣ። አትግፋ፣ ገና ነው!" አለችኝ። ስንቱን ሕፃን ያዋለደች ሴት እኔንም ልታዋልደኝ ነው።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

መንገድ መረጥኩ። በወንዙ በኩል ሜዳ ነው፤ ግን ጭቃ አለው። ወደ ውሃ ታንከሩ የሚወጣው አስፋልት ነው፤ ዳገት ቢሆንም። ዳገቱን መረጥኩ። ታናሽ ወንድሜ እዚያ ዳገት ላይ ስለሚኖር አይደለም። ጭራሽ ትዝም አላለኝ።

አንዲት ባለጃንጥላ አሮጊት ቀደመችኝ። እኔ እየሮጥኩ፣ እሷ እየተራመደች! በጠዋት ወደ ልጇ ቤት ስትሄድ ነው፤ ዘመን የጠገበ ጥቁር ጃንጥላ ትመረኮዛለች። አጠገቤ ስትደርስ "በርታ ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለችኝ። አልፋኝ ሄደች። እንቁላሉ እኔ መሆኔ ነው።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ባለቤቴ ይህን ደብተር ሰርቃ እንደምታነብ አውቃለሁ። ማታ "ዛሬ የት ደረስክ?" ብላ ትጠይቀኝና መልሱን ሳልጨርስ "እስከ ስልክ እንጨቱ፣ አይደል?" ትላለች። እንግዲህ ካነበብሽ አይቀር እውነቱን አንብቢ።

ዛሬ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። አላዳመጥኩም፤ ግድግዳው ነው ስስ። የምታወራው ከወንድሜ ሚስት ጋር ነው። "ሁለት ዓመት? ጳጉሜን ሁለት?... ውይ፣ እንዲህ ሳይነጋገሩ?" ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ። ታናሼ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ሩቅ አገር አዲስ መንገድ ሊቀይስ ተመድቧል፣ ጳጉሜን ሁለት ሚስቱን ይዞ ለሁለት ዓመት ይሄዳል። "አንተን አይመለከትህም አይደል?" አለችኝ።

"አይመለከተኝም" አልኳት። ራቴ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትና አባታችን ሲሞቱ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ፣ እሱ አሥር። አሳደግሁት። ደብተሩን ገዛሁ፣ ቅማሉን ለቀምኩ፣ በትምህርት ቤቱ ወላጅ ተብዬ ተጠራሁ። ከፒጃማ እስከ ካፖርት የለበሰውን ሁሉ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ሜትር ሳልዘረጋ። ለቤተሰብ ሜትር አልዘረጋም። የኔ ዓይን ሜትር ነው፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሲያገባ የሙሽራ ኮቱን ሰፋሁ። እዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ሙሽራይቱን ሊያቅፍ እጁን ሲያነሳ የጀርባው ስፌት ከአንገት እስከ ወገብ ተተረተረ።  እኔም ተነሥቼ "የኔ ስፌት አይቀደድም፤ አንተ ነህ እንደ አራስ ስትበላ የከረምከው!" አልኩ። ሳቁ እስከ ግቢው ደረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። ኮቱን አወለቀ፣ አጣጠፈ፣ እጄ ላይ አኖረውና በሸሚዝ ተሞሸረ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

እውነቴን ነው የተናገርኩት። ወፍሮ ነበር። ታዲያ ምን ላድርግ?

ሦስትና ሁለት አምስት ነው። አምስት ዓመት።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ስልክ እንጨቱን አለፍኩ!! ሳልቆም። ውሻ እያባረረኝ ነበር፤ ቢሆንም ይቆጠራል።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ሥራ በዝቷል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና መቶ ሰማንያ ዩኒፎርም ይጠብቀኛል። ባለቁልፏ ስታየኝ ሳቀች። ሃያ ዓመት አብረን የሠራን ሴት ናት፤ እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ምላሷም እንደ መርፌዋ ነው። "ደግሞ ማን አባሮህ ነው ላብህ የሚንቆረቆረው?" አለችኝ።

አንድ ነገር። ከስልክ እንጨቱ አለፍ ብሎ የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም 500 ተብሎ ተጽፏል። ትናንት አልነበረም። ማዘጋጃ ቤቱ ሊቆፍር ነው መሰለኝ፤ ሰላም አይሰጡንም። ለኔ ግን ጠቀመኝ፤ እግሬን ቀለሙ ላይ ሳሳርፍ ሽልማት የተቀበልኩ መሰለኝ።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

1000! የቁጥሩ አጣጣል ቀጥ ያለ ነው፣ በጠመኔ አሥምረው የቀቡት ይመስላል። ትናንት እዚህ ድረስ እንደምደርስ ለባለቤቴ ነግሬያት ነበር፤ ዛሬ ምልክቱ ቆሞ ጠበቀኝ። እድል ማለት ይሄ ነው።

ሐምሌ 28፣ እሑድ

ዝናብ። ደጅ ስወጣ ባለቤቴ "ታብዳለህ እንዴ?" አለችኝ። አበድኩ። እንደ ሕፃን በኩሬው መሐል ገባሁበት። አስፋልቱ ያበራል፣ መንገዱ ላይ ማንም የለም፣ ጫማዬ ፏጭ ፏጭ ይላል፤ እኔም ብቻዬን እስቃለሁ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ! እንዲህ የሳቅሁት መቼ ነበር? ታናሼ ብስክሌት ሲማር ይመስለኛል። ወንበሩን ይዤ ከኋላው ስሮጥ "ጋሼ አትልቀቀኝ!" ይል ነበር። ለካ ያኔ ሮጫለሁ።

1500 ላይ ቆምኩ። ቀለሙ በዝናቡ አልለቀቀም፤ ጥሩ ቀለም ነው።

ነሐሴ 4፣ ቅዳሜ

2000። ባለጃንጥላዋን ቀደምኳት! "እማማ ደህና አደሩ" ብዬ አለፍኩ። "እሰይ ልጄ!" አለችና ጃንጥላዋን አነሳችልኝ። ከሠላሳ እርምጃ በኋላ ቆምኩ፤ ደርሳ አለፈችኝ። ቀድሜያት ነበር ግን።

የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሰነፎች ናቸው። በአምስት በስድስት ቀን አንድ ምልክት ብቻ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ሳል ያዛት፤ ውሃ ልጠጣ ብላ ሄደች።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

2500። ሱሪዬ እየሰፋ ስለሆነ የሩጫ ቱታ ለራሴ ልሰፋ ነው። በምሳ ሰዓት፣ በሁለት ዩኒፎርም መሐል። ምን ያስቸግራል? በዓይን ቆረጥኩት።

ነሐሴ 10፣ ዓርብ

ጉድ ሆንኩ።

2500ን አልፌ ዳገቱን ልጀምር እግሬን አነሳሁ፤ ጠርርርር! ከኋላ። ከወገብ እስከ ጭን። ፊት ለፊቴ የትምህርት ቤት አስተማሪዎች ቆመዋል፤ የተማሪዎቻቸውን ዩኒፎርም የምሰፋላቸው ሰዎች! ወደ አጥር ዞርኩና ጀርባዬን ለግንብ ሰጥቼ ቆምኩ። "ምነው ጌታው?" ይሉኛል። "አየር እየወሰድኩ ነው" እላለሁ።

ያዳነችኝ ባለጃንጥላዋ ናት። ደረሰች፣ አየች፣ አንድ ቃል ሳትናገር ጃንጥላዋን ዘርግታ ሰጠችኝ። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ከኋላዬ ዘርግቼ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር በእግሬ ወረድኩ። እሷ አጠገቤ እየሄደች እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን በዓይኔ አየሁ፣ ልጄ!" እኔም መሳቅ ጀመርኩና ማቆም አቃተን።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ

ባለቁልፏ ቱታውን ገልብጣ አየችው። ስፌቱን ጎተተች። "ስፌቱ ደህና ነው" አለች። ደስ አለኝ። "ቆረጣው ነው እንጂ። ለማን ነው የቆረጥከው?"

"ለራሴ ነዋ!"

"አንተማ እዚህ ውስጥ አትገባም። ይሄ የሠላሳ ዓመት ሰው ቱታ ነው። እኔ መጀመሪያ ያወቅሁህ ሰውዬ ልኩ ይሄ ነበር።" ቱታውን ወረወረችልኝና ወደ ቁልፏ ተመለሰች።

 ከሰዓት አንድም ዩኒፎርም አልጨረስኩም።

ነሐሴ 12፣ እሑድ

ሱቁን ከፍቼ ብቻዬን ገባሁ። የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ኮቱ አለ። ሦስት ዓመት አላወጣሁትም። ሜትሬን ዘረጋሁ። ደረት፣ ዘጠና ሁለት።

ከዚያ የድሮ የወረቀት ንድፎች ያሉበትን ሣጥን ፈታሁ። ታናሼ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መጀመሪያ ሥራ ሲቀጠር ኮት ሰፍቼለት ነበር፤ ወረቀቱን ይዤዋለሁ። ለካሁት። ዘጠና ሁለት።

አልወፈረም። ሰው ሆነ እንጂ። ሲያገባ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ በፀሐይ በአቧራ መሣሪያ ተሸክሞ ተራራ ሲወጣ የኖረ ሰው ደረት ነው። እኔ ግን እሱን አላየሁትም። ዓይኔ ሜትር ነው እያልኩ ያየሁት ያንን ብስክሌት ላይ "አትልቀቀኝ" የሚለኝን ልጅ ነው። ለእሱ ቆረጥኩ፣ ትልቁን ሰውዬ ከተትኩበት፣ ሲቀደድ ደግሞ ሰው ፊት ሰደብኩት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ወይ እኔ። ወይ ዓይኔ።

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

3000። ስሜት የለኝም። ዩኒፎርም ዘጠና ሰባት ቀረ።

ነሐሴ 18፣ ቅዳሜ

ሳል ያዘኝ። ባለቤቴ አልጋ ላይ አስራኛለች። ባለቁልፏ ልትጠይቀኝ መጥታ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አለችኝ። የትኛውን እንደያዝኩ አልነገረችኝም። ሁለቱንም ይዣለሁ።

በአልጋዬ ቀን ቆጠርኩ። እስከ ጳጉሜን ሁለት አሥራ አራት። ስልክ ልደውል አሰብኩ። "ሃሎ" ካልኩ በኋላ ምን እላለሁ? ይቅርታ የሚለው ቃል በኔ አፍ አልተለካም፤ ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል።

ነሐሴ 21፣ ማክሰኞ

ተነሣሁ። 3500፤ እየሳልኩ። የማዘጋጃ ቤቶቹ እኔ ስታመም እነሱም ቆመው ነበር፤ ከአሥራ አራት ጀምሮ አንድም ምልክት አልጨመሩ። ስድን ጀመሩ። ገራሚ ነው።

ነሐሴ 24፣ ዓርብ

4000 ደረስኩ። ከዚያ የታናሼ ሰማያዊ የብረት በር ይታያል። ጠጋ ብዬ አየሁ፦ በሩ ተከፍቷል፣ ግቢው ውስጥ ካርቶን ተደርድሯል፤ ሚስቱ ብርጭቆ በጋዜጣ ትጠቀልላለች።

ተመለስኩ። የጫማዬ ክር ስለተፈታ ነው።

የጫማዬ ክር አልተፈታም።

ነሐሴ 26፣ እሑድ



ጠዋት ስወጣ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ባለቤቴ አየችኝና የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለች። ሮጥኩ። ዳቦ ቤቱ፣ ስልክ እንጨቱ፣ 500፣ 1000። ባለጃንጥላዋ "ዛሬስ ምን አንገትህ ላይ አሰርክ?" አለችኝ፤ ትንፋሼን ለንግግር አላባክንም ብዬ እጄን ብቻ አወዛወዝኩ። 3000 ላይ ጎኔን ወጋኝ። በአፍንጫህ ሳብ፣ በአፍህ አውጣ። 4000። የጫማዬን ክር አላየሁም። በሩ ላይ ደረስኩና በቡጢ ደበደብኩት፤ ቀስ ብዬ ካንኳኳሁ እንደምሸሽ ራሴን አውቀዋለሁ።

እሱ ከፈተ። ጢም አውጥቷል። ጢሙ ውስጥ ሽበት አለ። የኔ ታናሽ፣ ሽበት!

ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ትንፋሽ የለኝም። "ቁም" አልኩት። "ቀጥ ብለህ ቁም። ልለካህ።"

ሜትሩን አየ። ከዚያ እኔን። ለቤተሰብ ሜትር እንደማልዘረጋ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀስ ብሎ ሁለት እጁን አነሳ፤ ልክ ልጅ ሆኖ ሹራብ ሳወልቅለት እንደሚያነሳው። ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ አዞርኩ። ቁጥሩን ላነብ አልቻልኩም፤ ዓይኔ ውሃ ሞልቷል።

"ስንት ይላል፣ ጋሼ?" አለኝ።

"አላየሁም። አንተን አላየሁህም ነበር። ጥፋቱ የኔ ቆረጣ ነው፤ አንተ አልወፈርክም። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዋሸሁብህ። ይቅር በለኝ።" ወጣልኝ። በልኩ ወጣ።

አቀፈኝ። ላብ በላብ ነኝ፣ እሱ ግድ አልሰጠውም። ሚስቱ ከኋላ ጋዜጣ እንደያዘች ታለቅሳለች፤ ከዚያ "ቁጥሩን አንብቡት እንጂ!" አለች፤ ሁላችንም ሳቅን። መቶ አራት ነው። ደረት መቶ አራት፣ ትከሻ አርባ ስምንት፣ እጅጌ ስልሳ አራት። ቁጭ ብለን ውሃ ስጠጣ "መንገድህ ጥሩ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ እየለካው ነው" አልኩት።

"ጋሼ" አለኝ፣ "ማዘጋጃ ቤት መቼ ነው በሰዓቱ ሥራ ሠርቶ የሚያውቀው?"

ከበሩ ጀርባ የቀይ ቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ተቀምጧል።

ሐምሌ ላይ ወደ ሥራ ሲሄድ ከመኪና ውስጥ አይቶኛል፤ ስልክ እንጨቱን አቅፌ ስተነፍስ። ወርዶ ሊያናግረኝ ፈለገ፣ እሱም እንደኔው አቃተው። ወንድማማች አይደለን። ማታ ባለቤቴ በስልክ ለሚስቱ "ዛሬ እዚህ ደርሷል" ትላለች፤ እሱ ሳይነጋ ሜትሩን ይዞ ይወጣል። ከደጄ ጀምሮ ነው የለካው። ከደጄ እስከ ደጁ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር። "ምልክቱን ወደ ቤቴ ሳመጣው ትመጣለህ ብዬ ነው" አለኝ።

አንቺ ሌባ! ይህን ደብተር የምታነቢው ለዚህ ነበር! እግዜር ይስጥሽ።

ነሐሴ 29፣ ረቡዕ

የመጨረሻው ዩኒፎርም ዛሬ ሄደ። ኮት እየሰፋሁ ነው። ባለቁልፏ ቁልፎቹን ሳልጠይቃት ተከለች። "በሜትር የቆረጥከው ነው? ዝናብ ሊጥል ነው!" አለችኝ።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

አውቶቡሱ ጋ ሸኘናቸው። ኮቱን ለብሶታል፣ በዚያ ሙቀት። በሩ ላይ ቆሞ ሚስቱን፣ ባለቤቴን፣ እኔን አንድ ላይ አቀፈን፤ እጁን እስከ ላይ አንስቶ። ሁላችንም ጆሯችንን ሰጥተን አዳመጥን። ምንም አልተተረተረም።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ሳላስበው ከኋላው ሮጥኩ። እስከ መታጠፊያው ድረስ። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ጋሼ፣ ትከሻህን አላላው!" ይለኛል። ደግሞ አሠልጣኝ ሆነ።

ጳጉሜን 3፣ እሑድ

ዛሬ አልሮጥም ብዬ ነበር። የሚሄዱበት ሰው በሌለበት ምን ያደርጋል? እግሬ ግን እንቢ አለ። ወጣሁ።

ሰማያዊው በር ተቆልፏል። እጄን በሩ ላይ አሳርፌ ትንሽ ቆምኩ። ልመለስ ስዞር ከአጥሩ ማዶ፣ ታንከሩ ሥር፣ የዳገቱ አናት ላይ በትልቁ የተቀባ ቀይ ነገር አየሁ።

5000።

ባለጌ! ከዚህ ወዲያ ያለው ቀጥ ያለ ዳገት መሆኑን እያወቀ! ሊሄድ ሲል፣ በዚያ ሁሉ ካርቶን መሐል፣ ሌሊት ተነሥቶ ለክቶት ነው።

ወጣሁት። ከላይ ከተማው በሙሉ ይታያል፤ የኔ ጣሪያም፣ የሱም፣ ከዚያ ወዲያ አውቶቡሱ የሄደበት መንገድ። ባለጃንጥላዋ ከታች ጉንዳን አክላ ስትወጣ አየኋትና ጮኼ ጠራኋት።

ዛሬ የሮጥኩት፦ አምስት ሺህ ሜትር። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ይህን ግን ለሱ እንዳትነግሪው።